ሞተሩ ዝም ሲል፦ ሄሊኮፕተር በአየር ላይ ሲበላሽ አብራሪው ምን ያደርጋል?

ከድሬዳዋ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ጀልዴሳ የምድር ባቡር ከመምጣቱ በፊት ስመ ጥር የነጋዴ ማረፊያ ነበረች። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ በረሃውን አቋርጦ ጀልዴሳ ሲደርስ ሸክሙን ከግመል አውርዶ በበቅሎና በአህያ ይጭን ነበር። ለቆላው ሜዳ የተመቸው ግመል ወደ ሐረር ደጋ የሚወስደውን ዳገት እንደ በቅሎ አይወጣውምና ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ የጀልዴሳ ገበያ እየቀዘቀዘ ሄደ። የመሬቱ ጠባይ ግን አልተለወጠም፤ ከሞቃቱ ቆላ ተነሥቶ በአጭር ርቀት ወደ ከፍተኛው ደጋ የሚወጣ ሁሉ ዛሬም ሸክሙን መመጠን ይኖርበታል። ይህ ሕግ በአየር ለሚጓዘውም ይሠራል።

ሄሊኮፕተር ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ከባድ የኤምአይ-6 ሄሊኮፕተሮች ከጅጅጋ በፊት ያለውን ተራራማ ምድር ተሻግረው ወታደርና ተሽከርካሪ አጓጉዘዋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ ምሥራቅ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜም መንጋው ያረፈበትን ቦታ ለማሰስ ሄሊኮፕተሮች ተሰማርተው ነበር። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ በጎርፍ የተከበቡ ሰዎችን ለማውጣት ከጀልባ ጎን ሄሊኮፕተር ተሰልፏል። እንግዲህ ይህ ማሽን ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው መንገድ በሌለበት፣ ዝቅ ብሎና ዘግይቶ መብረር በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ እንዲህ ባለው በረራ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ወይም ሮተሩ ቢታወክ ምን እንደሚከሰት፣ አብራሪውስ ምን ማድረግ እንደሚችል የፊዚክስን ሕግ ተከትለን እንመለከታለን።

ብዙ ሰው የአውሮፕላን ሞተር ቢጠፋ አውሮፕላኑ ተንሸራትቶ ሊያርፍ እንደሚችል ያውቃል፤ ሄሊኮፕተር ግን እንደ ድንጋይ ይወድቃል ብሎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ሄሊኮፕተርም ያለ ሞተር በሰላም ሊያርፍ ይችላል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው በቂ ጉልበት አስቀድሞ ከተጠራቀመና አብራሪው በጥቂት ቅጽበት ውስጥ ትክክለኛውን እርምጃ ከወሰደ ብቻ ነው።

ሮተሩና ሦስቱ መቆጣጠሪያዎች

የሄሊኮፕተር ሮተር ማለት ከላዩ የሚሽከረከሩት ረጃጅምና ቀጫጭን ክንፎች ናቸው። የአውሮፕላን ክንፍ አየርን የሚቀዝፈው አውሮፕላኑ ወደ ፊት ሲሮጥ ነው፤ የሄሊኮፕተር ክንፍ ግን በመሽከርከሩ የራሱን ነፋስ ይፈጥራል። ስለዚህ ሄሊኮፕተሩ አንድ ቦታ ላይ ቆሞም ሊንሳፈፍ ይችላል።

አብራሪው ሦስት መቆጣጠሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው በግራ እጁ የሚይዘው ኮሌክቲቭ የተባለው ማንሻ ነው። ማንሻው ከፍ ሲል የክንፎቹ ማዕዘን በአንድነት ይጨምራል፤ አንሺው ኃይል ያድጋል፤ የአየሩ ጎታች ኃይልም አብሮ ይጨምራል። ሁለተኛው በቀኝ እጁ የሚይዘው ሳይክሊክ የተባለው ዘንግ ሲሆን ሮተሩን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን በማዘንበል አቅጣጫና ፍጥነትን ይወስናል። ሦስተኛው በእግር የሚረገጡት ፔዳሎች ናቸው። እነዚህ የጅራቱን ሮተር ያዝዛሉ። ሞተሩ ዋናውን ሮተር ወደ አንድ ወገን ሲያዞር የሄሊኮፕተሩ አካል በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ወደ ተቃራኒው ወገን መዞር ይፈልጋል፤ የጅራቱ ሮተር ይህን የመጠምዘዝ ኃይል ይገታል።

ሞተር ሲጠፋ፦ አውቶሮቴሽን

ብስክሌት የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ፔዳሉን መምታት ብናቆምም የኋላው ጎማ መዞሩን ይቀጥላል። በሄሊኮፕተሩ ሞተርና ሮተር መካከልም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ አለ። ሞተሩ ሲጠፋ ሮተሩ ከሞተሩ ይላቀቅና በራሱ ይሽከረከራል። ሆኖም ክንፎቹ አየርን እየቀዘፉ ስለሆነ ጎታቹ ኃይል ሽክርክሪቱን ወዲያው መብላት ይጀምራል። አብራሪው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ኮሌክቲቩን ያለማመንታት ወደ ታች ማውረድ ነው። ይህን ሲያደርግ የክንፎቹ ማዕዘን ይቀንሳል፤ ሄሊኮፕተሩ መውረድ ይጀምራል፤ አየሩም ከታች ወደ ላይ በሮተሩ መካከል ያልፋል። ልጆች ከወረቀት የሚሠሩት መሽከርከሪያ በነፋስ እንደሚዞር ሁሉ ሮተሩም ከታች በሚመጣው አየር መዞሩን ይቀጥላል። ይህ ያለ ሞተር ሽክርክሪት አውቶሮቴሽን ይባላል።

ስፔናዊው መሐንዲስ ሁዋን ደ ላ ሲዬርቫ እ.ኤ.አ. በ1923 የተሳካ በረራ ያደረገው ኦቶጃይሮ የተባለው ማሽኑ ሮተር በዚሁ መርህ ብቻ ይዞር ነበር። ስለዚህ አውቶሮቴሽን ከዘመናዊው ሄሊኮፕተር በፊት የታወቀ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ መርህ የተገኘው እጅግ አስገራሚ ምስክርነት ግን የፈረንሳዊው አብራሪ ዣን ቡሌ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1972 በኤስኤ-315ቢ ላማ ሄሊኮፕተር 12,442 ሜትር ከፍታ ላይ ደርሶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ሞተሩ ጠፋ፤ ሊያስነሣውም አልቻለም። ያን ሁሉ ከፍታ በአውቶሮቴሽን ወርዶ በሰላም አረፈ።

የጉልበት ሒሳብ

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ቀለል ያለ ሒሳብ እንሥራ። ክብደቱ 1,000 ኪሎግራም የሆነ አነስተኛ ሄሊኮፕተር በ300 ሜትር ከፍታ፣ በሰከንድ 30 ሜትር እየበረረ ነው እንበል። በከፍታው ምክንያት ያለው እምቅ ጉልበት ወደ 2,940 ኪሎጁል ይሆናል። ወደ ፊት በመጓዙ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት 450 ኪሎጁል ነው። በሚሽከረከረው ሮተር ውስጥ ያለውን ደግሞ 250 ኪሎጁል ብለን እንውሰድ። አብራሪው ሦስት ካዝና አለው ማለት ነው፤ ትልቁ ከፍታ፣ መካከለኛው ፍጥነት፣ ትንሹ ሽክርክሪት።

በአውቶሮቴሽን ጊዜ ሄሊኮፕተሩ በሰከንድ ወደ 9 ሜትር ያህል ቢወርድ፣ ስበት በየሰከንዱ ወደ 88 ኪሎጁል ለሮተሩ ያስረክባል። በሌላ አነጋገር የጠፋውን ሞተር ቦታ 88 ኪሎዋት አቅም ያለው ሌላ ሞተር ተክቶታል፤ ነዳጁም ከፍታ ነው። ይህ ነዳጅ 300 ሜትሩ እስኪያልቅ፣ ማለትም ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃል።

አሁን ትንሹን ካዝና እንመልከት። የመሽከርከር ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር የተያያዘ ነው። የሮተሩ ፍጥነት ወደ 90 በመቶ ሲወርድ ጉልበቱ 81 በመቶ፣ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ 64 በመቶ ብቻ ይሆናል። እስከ 80 በመቶ ድረስ ብንጠቀምበት ከ250 ኪሎጁሉ የምናገኘው 90 ኪሎጁል ነው። እንዲህ ያለው ሄሊኮፕተር ለመብረር በየሰከንዱ ከ100 እስከ 150 ኪሎጁል የሚፈልግ ከሆነ፣ ያ ጉልበት ለአንድ ሰከንድ እንኳ አይበቃም። ሞተሩ ሲጠፋ ኮሌክቲቩን ለማውረድ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር የሆነውም ለዚህ ነው። አንሺው ኃይልም እንዲሁ በሽክርክሪቱ ካሬ ስለሚቀንስ ሮተሩ ከተወሰነ ገደብ በታች ከዘገየ ክንፎቹ ወደ ላይ ይታጠፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሊመልሳቸው የሚችል እጅ የለም።

አብራሪው ሮተሩን ካዳነ በኋላ ለሄሊኮፕተሩ የተወሰነውን ፍጥነት ይይዛል፤ ለብዙዎቹ አነስተኛ ሄሊኮፕተሮች ይህ በሰዓት ከ110 እስከ 130 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ማረፊያ ቦታ ይመርጣል፤ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። መሬቱ ሲቃረብ ሳይክሊኩን ወደ ኋላ ስቦ የሄሊኮፕተሩን አፍንጫ ያነሣል። በዚህ ጊዜ የወደ ፊት ፍጥነቱ ወደ አንሺ ኃይልና ወደ ሮተር ሽክርክሪት ይለወጣል፤ መካከለኛው ካዝና ተከፈተ ማለት ነው። በመጨረሻም አካሉን አስተካክሎ፣ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ኮሌክቲቩን ከፍ በማድረግ የመጨረሻውን ካዝና ያወጣና ሄሊኮፕተሩን በዝግታ ያሳርፋል። ይህ የመጨረሻ እርምጃ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። ቀድሞ ከተደረገ ሮተሩ ከመሬት በላይ ይደክማል፤ ከዘገየ ደግሞ ግጭቱ ይቀድማል።

ከፍታም ፍጥነትም በማይኖርበት ጊዜ

ከላይ ከተገለጸው ሒሳብ አንድ አደገኛ ሁኔታ እንዳለ መገንዘብ አያዳግትም። ሄሊኮፕተሩ በ40 ሜትር ከፍታ ላይ ቆሞ እየተንሳፈፈ ሞተሩ ቢጠፋ ትልቁ ካዝና ባዶ ሊባል የቀረበ ነው፤ መካከለኛው ጨርሶ የለም። በ2 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን የሮተሩ ጉልበት ብቻውን ለማረፍ ይበቃ ነበር፤ በ300 ሜትር ላይ ቢሆንም ቁልቁል ወርዶ ፍጥነት ለመሰብሰብ ጊዜ ይገኝ ነበር። በመካከል ያለው ክልል ነው ክፉው። የእያንዳንዱ ሄሊኮፕተር የበረራ መመሪያ ይህን ክልል ከፍታንና ፍጥነትን በሚያነጻጽር ሥዕል ያሳያል፤ አብራሪዎችም ሥራው ካላስገደዳቸው በስተቀር ከዚያ ይርቃሉ። የአንበጣ መንጋ ፍለጋን፣ የመድኃኒት ርጭትንና የነፍስ ማዳን ሥራን ከባድ የሚያደርጋቸው አንዱ ነገር ሥራው ራሱ አብራሪውን ወደዚህ ክልል የሚጎትተው መሆኑ ነው።

እንደ ኤምአይ-8 ያሉት ሄሊኮፕተሮች ሁለት ሞተር አላቸው። አንዱ ሲጠፋ ሌላው አቅሙን ከፍ አድርጎ ጉዞውን ሊያስቀጥል ይችላል። ነገር ግን በአንድ ሞተር ብቻ ቆሞ መንሳፈፍ የሚቻለው ጭነቱ ከቀለለና አየሩ ከፈቀደ ነው። ይህ ደግሞ ወደ ድሬዳዋ ይመልሰናል።

የድሬዳዋ ሙቀትና የሐረር ዳገት

የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ መደበኛው የአየር ግፊት 88,150 ፓስካል ገደማ ነው። የአየሩ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የአየሩን እፍጋት እናስላ፤ ግፊቱን በ287 እና በፍጹማዊ ሙቀቱ፣ ማለትም በ308 ብዜት ስናካፍል በሜትር ኩብ 1.0 ኪሎግራም ያህል እናገኛለን። በመደበኛ ሁኔታ በባሕር ወለል ላይ ያለው እፍጋት 1.225 ነው። እንግዲህ በሞቃት ቀን ድሬዳዋ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ሳስቷል። ሄሊኮፕተሩ የቆመው በ1,160 ሜትር ላይ ቢሆንም ክንፎቹ የሚሰማቸው በመደበኛው ሁኔታ 2,100 ሜትር ላይ ያለው አየር ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሐረር ደጋ ሲወጣ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታና በ20 ዲግሪ ሙቀት እፍጋቱ በሜትር ኩብ ወደ 0.9 ኪሎግራም ይወርዳል፤ ይህም በመደበኛው ሁኔታ ከ3,100 ሜትር ጋር የሚመጣጠን ነው።

የሳሳ አየር ሦስት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚቀንስ አቅሙ ይደክማል፤ ሮተሩ ደግሞ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ተጨማሪ አቅም ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ሳይለወጥ እውነተኛው ፍጥነት ይጨምራል፤ በድሬዳዋው ምሳሌ ጭማሪው 11 በመቶ ሲሆን መሬት ሲነካ የሚገታው የእንቅስቃሴ ጉልበት ግን 23 በመቶ ያድጋል። ሦስተኛ፣ በአውቶሮቴሽን ጊዜ ሄሊኮፕተሩ በፍጥነት ይወርዳል፤ ሮተሩም ከሚፈቀድለት በላይ ሊሽከረከር ስለሚችል አብራሪው ኮሌክቲቩን በጥቂቱ ከፍ እያደረገ ሊገታው ይገባል። በባሕር ወለል አጠገብ የሠለጠነ እጅ በዚህ ምድር ላይ እንደገና መማር ይኖርበታል።

ለዚህ ሁሉ ቀላሉ መድኃኒት የጀልዴሳ ነጋዴ ያውቀው የነበረው ነው፤ ሸክምን መቀነስ። ጭነቱን በሁለት ጉዞ መክፈል ወይም አየሩ በቀዘቀዘበት ማለዳ መነሣት ለአብራሪው የመጠባበቂያ አቅም ይተውለታል።

የጅራት ሮተር ሲታወክ

የጅራቱ ሮተር መሥራት ሲያቆም ሄሊኮፕተሩ በራሱ ዙሪያ መሽከርከር ይጀምራል። እዚህ ላይ መሠረታዊው ሐሳብ አንድ ነው፤ የሚጠመዝዘው የሞተሩ ኃይል ስለሆነ ሞተሩ ሥራውን ካቆመ ጠምዛዡም ይጠፋል። ስለዚህ ቆሞ በመንሳፈፍ ላይ ያለ አብራሪ የሞተሩን ጉልበት ወዲያው ቆርጦ በአውቶሮቴሽን ያርፋል። ወደ ፊት በመብረር ላይ ከሆነ ግን የተሻለ ዕድል አለው። በጅራቱ ላይ ያለው ቀጥ ያለ ክንፍ እንደ ነፋስ አመልካች ሄሊኮፕተሩን ያቀናዋል። ፍጥነቱን ጠብቆ ሰፊና ለጥ ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ እንደ አውሮፕላን እየተንሸራተተም ያርፋል፤ ወይም ወደ አውቶሮቴሽን ይገባል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 2018 በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ ከእግር ኳስ ሜዳ የተነሣ ኤደብሊው-169 ሄሊኮፕተር ወደ 130 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ የጅራቱ ሮተር ከቁጥጥር ውጭ ሆነ፤ የተሳፈሩት 5 ሰዎችም ሞቱ። ምርመራው መነሻው የአንድ ኩሽኔታ መበላሸት እንደነበር አረጋገጠ። ኩሽኔታው ተጣብቆ በመያዙ ፔዳሉን ከጅራቱ ሮተር ጋር የሚያገናኘው ክፍል ተላቀቀ። ሄሊኮፕተሩ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ስለነበር የጅራቱ ክንፍ ሊያግዝ አልቻለም፤ አብራሪውም ሽክርክሪቱን ለመግታት የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ዋናው ሮተር ራሱ ሲታመም

ዋናውን ሮተር የሚገጥሙት ችግሮች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ምንም ነገር ሳይሰበር የሚመጣ ነው። ሄሊኮፕተሩ በሞተር ጉልበት ላይ እያለ፣ ያለ በቂ የወደ ፊት ፍጥነት በቀጥታ ቁልቁል በፍጥነት ከወረደ፣ ራሱ ወደ ታች በገፋው አየር ውስጥ ይገባል። አየሩ በክንፎቹ ጫፍ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይሽከረከራል፤ አንሺው ኃይል ይከዳል። አብራሪው በደመ ነፍስ ኮሌክቲቩን ቢያነሣ አዙሪቱን ያጠናክረዋል። መውጫው ሳይክሊኩን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ኮሌክቲቩንም ቀነስ አድርጎ ወዳልታወከ አየር መሸሽ ነው። በጠባብ ሸለቆና ነፋስን ከኋላ ይዞ ለማረፍ በሚሞከርበት ጊዜ ይህ አደጋ ይበረታል።

ሁለተኛው ወገን የአካል ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2009 በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ባሕር ላይ ይበርር የነበረ ኤስ-92 ሄሊኮፕተር የዋናው ካምቢዮ ዘይት ግፊት ጠፋ። አብራሪዎቹ ወደ የብስ ለመመለስ ጉዞ ጀመሩ፤ ከ11 ደቂቃ ገደማ በኋላ ሄሊኮፕተሩ ባሕር ላይ ተከሰከሰ፤ ከ18ቱ ሰዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። የበረራ መመሪያዎች ማስጠንቀቂያዎችን በደረጃ የሚከፍሉት ለዚህ ነው፦ «ወዲያው እረፍ»፣ «በተቻለ ፍጥነት እረፍ»፣ «አመቺ ቦታ ስታገኝ እረፍ»። የካምቢዮ ዘይት ግፊት ሙሉ በሙሉ መጥፋት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ደቂቃ ብድር ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2016 በኖርዌይ ቱሮይ ደግሞ የኢሲ-225 ሄሊኮፕተር ዋና ሮተር በበረራ ላይ ተገንጥሎ 13 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ በካምቢዮው ውስጥ ያለ አንድ የተሰነጠቀ ማርሽ ነበር። በአብራሪው መመሪያ ውስጥ ለዚህ የሚሆን እርምጃ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሮተር ከሌለ አውቶሮቴሽን የለም። እንዲህ ያለውን ጉዳት መከላከል የሚቻለው መሬት ላይ ነው፦ በዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ የሚይዘውን ማግኔት በመመርመር፣ ንዝረትን በመለካት፣ ዕድሜው የደረሰን ዕቃ ያለማመንታት በመለወጥ። አቧራና አሸዋ በሚበዛበት እንደ ጀልዴሳ ባለ ቆላ የአየር ማጣሪያው ጽዳትና የክንፎቹ ጠርዝ ምርመራ የዚሁ ሥራ ክፍል ናቸው፤ አሸዋ የሞተሩን ቅጠሎች እየሞረደ አቅሙን ቀስ በቀስ ይበላልና።

ከመነሣት በፊት የሚጀምር አደጋ

እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2013 ሌሊት በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ የፖሊስ ኢሲ-135 ሄሊኮፕተር በአንድ መጠጥ ቤት ጣሪያ ላይ ወድቆ 10 ሰዎች ሞቱ። ሄሊኮፕተሩ ሁለት ሞተር ነበረው፤ ሁለቱም በግማሽ ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ጠፉ። በዋናው ታንክ ውስጥ 76 ኪሎግራም ነዳጅ ነበር። ነገር ግን ነዳጁን ወደ ሞተሮቹ መጋቢ ታንኮች የሚያስተላልፉት ፓምፖች ጠፍተው ነበር። የነዳጅ ማነስ ማስጠንቀቂያው አምስት ጊዜ ታይቷል። ሁለተኛው ሞተር ከጠፋ በኋላ የሮተሩ ሽክርክሪት ሊጠበቅ አልቻለም። በጨለማ፣ ቤት በበዛበት ከተማ ላይ፣ ትልቁ ካዝና ሳይጠቅም ቀረ።

ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው ዐቢይ ነገር አለ። የድንገተኛ ጊዜ እርምጃ የሚባለው የአብራሪው እጅ እንቅስቃሴ ቀደም ሲል የተቀመጠን ጉልበት ማውጣት ብቻ ነው፤ ያልተቀመጠን ሊያወጣ አይችልም። ከፍታና ፍጥነት፣ የቀለለ ጭነት፣ የታየ ማግኔት፣ የተነበበ የነዳጅ መለኪያ፣ በምስለ በረራ ክፍል ደጋግሞ የተሠራ ልምምድ ሁሉም ተቀማጭ ናቸው።

በአገራችን ደግሞ ይህ ጥያቄ ለአብራሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። አብዛኛዎቹ ሄሊኮፕተሮች የተሠሩትና መጀመሪያ የተፈተኑት ከእኛ ደጋ ዝቅ ባለ ምድር ነው። የድሬዳዋን፣ የጅጅጋንና የሌሎችን ማረፊያዎች የአየር እፍጋት በየወሩና በየሰዓቱ አስልቶ ለበረራ ዕቅድ ማዘጋጀት የፊዚክስና የሜትዎሮሎጂ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ከላይ ያሳየነው ስሌት ከአንድ ቴርሞሜትርና ከአንድ ባሮሜትር ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። አንባብያን የየአካባቢያቸውን ከፍታና የእኩለ ቀን ሙቀት ወስደው እንዲሞክሩት እንጋብዛለን፤ ክንፍ ያለው ሁሉ በየትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ እንደሚሰማው ወረቀቱ ላይ ያገኙታል።